ከፍ የተደረገ ባለናፍጣ ፒክአፕ ሲንዘፈዘፍ፦ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ የማግኛ መመሪያ

ባሌስትራ ተጨምሮበት ወይም ከባሌስትራው ሥር ብረት ገብቶለት ከፍ ያለ ፒክአፕ መነሻ ላይ መንዘፍዘፍ ሲጀምር ጎንደር ውስጥ የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው፤ ክሮቼራ ይቀየራል፤ ይህም ከማርሽ ሳጥኑ (ካምቢዮ) ወደ ኋላ አክስል ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ (ካርዳን) የሚያገናኘው የመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል፣ ከዚያ ያው ይመለሳል። ቀጥሎ የካርዳኑ የመሃል ኩሽኔታ ይገዛል፣ ቀጥሎ ፍሪሲዮን ይወርዳል። ገንዘቡ ያልቃል፤ መኪናው ግን እንደተንዘፈዘፈ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክሮቼራው የተበላው ካርዳኑ በማይገባው አንግል ስለሚሽከረከር ነው። አንግሉ እስካልተስተካከለ ድረስ አዲሱም ክሮቼራ ይበላል።

መመሪያው ከኋላ ባሌስትራ ላላቸው እንደ ሃይሉክስና ዲማክስ ላሉ ፒክአፖች ነው። ሁለት ሕጎች አሉት። መቼ እንደሚንዘፈዘፍ በትክክል ሳታውቁ አንድም ዕቃ አትግዙ። ከሥር ሳትለኩና ምልክት ሳታደርጉ አንድም ብሎን አትፍቱ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የምትሠሩበት ቦታ ደረቅ፣ ጠንካራና ሜዳ ይሁን። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ሰው በር ላይ፣ ኮብልስቶን ላይ አቁሞ ከሥር ይገባል፤ ይህን አታድርጉ። በክረምት ደግሞ ክሪክ እርጥብ አፈር ውስጥ ይሰምጣል፤ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አንጥፉ።

አዘጋጁ፦
- ክሪክና ቢያንስ ሁለት የብረት መደገፊያ
- ለአራቱም ጎማ ታኮ
- የብሎን ቁልፎች፣ የግሪስ ፓምፕ፣ የእጅ ባትሪ
- ነጭ ቀለም ወይም ጠመኔ (ቀለም ይሻላል፤ ጠመኔ በዘይት ይጠፋል)
- አንግል መለኪያ። ማግኔት ያለው ዲጂታል መለኪያ ካላገኛችሁ የስልክ የአንግል መለኪያ መተግበሪያ ይበቃል፤ የስልኩ ጠርዝ ቀጥ ያለ እንዲሆን ሽፋኑን አውልቁ።
- ደብተርና አንድ ረዳት

ማስጠንቀቂያ፦ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ጭንቅላታችሁን እንኳ አታስገቡ። የሚቀጥለውን ደግሞ ብዙ ሰው አያስበውም። የኋላው ካርዳን ከተፈታ ማርሽ ውስጥ ማስገባት መኪናውን አይዘውም፤ ሞተሩና የኋላ ጎማው ተለያይተዋልና። የሚቀራችሁ የእጅ ፍሬንና ታኮ ብቻ ነው። የእጅ ፍሬኑ የላላ ከሆነ ያንን ሳታጠብቁ ወደ ካርዳኑ አትሂዱ።

ደረጃ 1፦ ርካሹን መንስኤ አስወግዱ

ቸርኬዎቹን ከውስጥ በኩል እጠቡ። ከደምቢያ ሜዳ ወይም ከበለሳ መንገድ የተመለሰ መኪና ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ዋልካ ይዞ ይመጣል፤ ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ነው። 265/70 አር 16 ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ቸርኬ ላይ የተጣበቀ 200 ግራም ጭቃ ወደ ውጭ የሚጎትተው 13 ኪሎ ግራም ክብደት በሚያህል ኃይል ነው። ካርዳኑንም እጠቡ፤ ሽቦ፣ ገመድ ወይም ሣር ተጠምጥሞበት እንደሆነ እዩ።

ከዚያ የጎማ ነፋስ በር ላይ በተለጠፈው መጠን አስሞሉ፤ የጎማ ዳዶዎችን አጥብቁ፤ ጎማው ላይ እብጠት ፈልጉ። ባላንስ ከተሠራ ከቆየ መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ሂዱ። ብዙዎች ይህን ደረጃ ንቀው ያልፉትና ሦስት ቀን ከሥር ይውላሉ።

ደረጃ 2፦ በመንገድ ላይ ፈትሹ

ለፍጥነት ሙከራ ወደ አዘዞ የሚወስደውን አስፋልት ቀጥ ያለ ክፍል፣ ለጭነት ሙከራ ወደ ኮሶዬ የሚወጣውን ዳገት ተጠቀሙ። ኮብልስቶን ላይ የተደረገ ሙከራ ዋጋ የለውም፤ የድንጋዩና የካርዳኑ ንዝረት አይለይም። ባጃጁም አህያውም ሳይበዛ፣ በማለዳ ውጡ፤ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ አይመከርም። ረዳታችሁ ይጻፍ፣ እናንተ ንዱ። ጎማ ትልቅ ከተደረገ የፍጥነት ሰዓቱ ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ እንደሚያሳይ አትርሱ፤ የጎማው ዙሪያ በ5 በመቶ ካደገ ሰዓቱ 80 ሲል መኪናው 84 ላይ ነው።

ሀ. የመነሻ ሙከራ። ቀላል ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ተነሱ። የሚንዘፈዘፈው ፍሪሲዮኑ በግማሽ እያለ ነው ወይስ እግራችሁን ፈጽማችሁ ካነሣችሁ በኋላ? መመሪያው ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። በግማሽ እያለ ብቻ ከሆነ ፍሪሲዮን ወይም የሞተርና የካምቢዮ ማረፊያ ጎማ (የተቀመጡበት ላስቲክ) ነው። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ በኋላ፣ ነዳጅ ስትሰጡ ከ10 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚቀጥል ከሆነ ካርዳኑን ጠርጥሩ።

ለ. ማርሽ የመቀየር ሙከራ። በ60 ኪሎ ሜትር በሦስተኛ፣ ከዚያ በዚያው ፍጥነት በአራተኛ ንዱ። ንዝረቱ ሳይለወጥ ከቀጠለ ከካምቢዮው በኋላ ያለ ነገር ነው፤ ካርዳን፣ አክስል ወይም ጎማ። የሞተሩ ዙር ሲቀንስ እሱም ከተለወጠ ሞተርና ፍሪሲዮን ነው።

ሐ. ነዳጅ የመልቀቅ ሙከራ። ንዝረቱ በሚሰማበት ፍጥነት ላይ እግራችሁን ከነዳጅ አንሡ። ወዲያው ከጠፋ ወይም መልኩን ከለወጠ አንግል ወይም የላላ ክሮቼራ ነው፤ ምንም ካልተለወጠ ባላንስ ነው። ዜሮ ማርሽ አስገብታችሁ መሞከር የምትችሉት ሜዳ ላይ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ከኮሶዬ ሲወረድ፣ በሊማሊሞማ ጭራሽ፣ በዜሮ ማርሽ አትንከባለሉ። ሞተሩ መኪናውን መያዙን ያቆማል፣ ፍሬኑ ይግላል።

መ. የፍሬን ሙከራ። ፍሬን ስትይዙ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጉዳዩ የፍሬን ዲስክ ወይም ታምቡር ነው። ይህ መመሪያ አይመለከታችሁም።

ሠ. የጭነት ሙከራ። ከፍ ለተደረገ መኪና ከዚህ የተሻለ ርካሽ ምርመራ አላውቅም። ካሶኒው (የኋላ መጫኛው) ላይ፣ በኋላ አክስሉ ትክክል፣ አምስት ኩንታል እህል ወይም አሸዋ ጫኑና የመነሻ ሙከራውን ድገሙ። ባሌስትራው ሲቀመጥ ካርዳኑ ይስተካከላል። ባዶውን የሚንዘፈዘፈው መኪና ሲጫን ጸጥ ካለ አንግል ነው፤ ወደ ደረጃ 4 ሂዱ። ሲጫን ከባሰ ደግሞ ፍሪሲዮን፣ ማረፊያ ጎማ፣ ወይም ባሌስትራው በሞተሩ ጉልበት እየተጠማዘዘ ነው ማለት ነው። የመጨረሻው ከአክስሉ በላይ ረጅም ብረት በገባላቸው መኪናዎች ላይ ይበዛል።

የጎማንና የካርዳንን ንዝረት ለመለየት ፍጥነታቸውን አስቡ። በ80 ኪሎ ሜትር ጎማው በሰከንድ 9 ጊዜ ሲዞር፣ የዲፈረንሻሉ ንጽጽር 4.1 ከሆነ ካርዳኑ 37 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ንዝረት መሪውንና መቀመጫውን ያወዛውዛል፤ በዓይን ይከተሉታል። የካርዳኑ ግን ወለሉን ያነዝራል፣ እግር ያደነዝዛል፣ የውስጥ መስታወቱን ያደበዝዛል።

ሁለት ምልክት አንድ ላይ ብታገኙ አትደናገጡ። አሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ ሁለት ሕመም አለው። ከፍጥነቱ ጋር የሚሄደውን አስቀድሙ።

ደረጃ 3፦ ከሥር በእጅ ፈትሹ

ጎማዎቹን በታኮ ከፊትም ከኋላም ያዙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። አሁን በካርዳኑ ከፊት ወደ ኋላ ሂዱ።

1. እያንዳንዱን ክሮቼራ ግራና ቀኙን ይዛችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙ። በእጅ የሚሰማ ማንኛውም ልቅነት ካለ ይቀየራል። በኩባያዎቹ ዙሪያ የዝገት ቀለም ያለው ዱቄት ካያችሁ ውስጡ ግሪስ አልቆ ደርቋል።

2. ካርዳኑ ሁለት ቁራጭ ከሆነ የመሃል ኩሽኔታውን ላስቲክ በባትሪ እዩ። ከተቀደደ ወይም ዘንጉን ወደ ላይ ስትገፉት እንደ ልብ ከተንቀሳቀሰ የመነሻ መንዘፍዘፍ ዋነኛ ተጠርጣሪ እሱ ነው።

3. ቱቦውን በእጃችሁ ዳሱ። የድንጋይ ስርጉድ ካለበት ባላንሱ ጠፍቷል። ሌላው ዝገት ወይም ቀለም ሆኖ አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ቦታ ብቻ ንጹሕ ብረት ከሆነ የተበየደው የባላንስ ክብደት ወድቋል።

4. በአንዱ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉትን፣ ክሮቼራ የሚይዙትን ሹካዎች አስተያዩ። የፋብሪካ ምልክት ካለ ምልክቱ ይገጣጠም፤ ከሌለ ሹካዎቹ በአንድ ገጽ ላይ መዋል አለባቸው። ክሮቼራ ከተቀየረ በኋላ ንዝረት የጀመረ መኪና ላይ በመጀመሪያ የማየው ይህን ነው፤ ተንሸራታቹ ጥርስ ተስቦ ከወጣ በኋላ አንድ ጥርስ ዘሎ ከገባ ሁለቱ ክሮቼራዎች መተራረማቸው ይቀርና መኪናው ይንዘፈዘፋል።

5. የዲፈረንሻሉን መግቢያ ፍላንጅ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ። በመዞር ጥቂት ሚሊ ሜትር መላላት የጤና ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ግን የፒኞኑ (ካርዳኑ የሚያዞረው የዲፈረንሻሉ መግቢያ ጥርስ) ኩሽኔታ ሄዷል፤ እዚህ ላይ ቁሙና ዲፈረንሻል ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ። የፒኞን ዳዶ በግምት የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

6. ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያቅፉትን ብሎኖች አጥብቁ። የላሉ ከሆነ አክስሉ በእያንዳንዱ መነሻ ይንሸራተታል፤ የደረጃ 4ም ልኬት ሐሰት ይሆናል።

ዘንጉን መፍታት ግድ ከሆነ ፍላንጆቹ ላይ ትይዩ የቀለም መስመር ሳትጥሉ አትፍቱ። ሳታደርጉ ከፈታችሁት ሹካዎቹን አስተካክላችሁ ግጠሙ፣ ንዱ፤ ንዝረት ካለ ፍላንጁን በግማሽ ዙር አዙራችሁ እንደገና ሞክሩ።

ደረጃ 4፦ አንግሉን ለኩ

ክሮቼራ በአንግል ሲሠራ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ይህንን የሚሽረው የሁለቱ አንግል እኩል ከሆነ ብቻ ነው። መኪናው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው የኋላ ዘንግ ወደ 2.4 ዲግሪ ያህል ተጨማሪ ያዘነብላል። ሁለቱም ጫፍ እኩል ካዘነበሉ ችግሩ ትንሽ ነው። የሚከፋው አንደኛው ብቻ ሲለወጥ ነው። የባሌስትራው የኋላ ማንጠልጠያ በረጅም ከተቀየረ፣ ለምሳሌ፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ካርዳኑ የሚገጠምበት ጫፍ) ወደ ላይ ይቀናል።

አለካኩ እንዲህ ነው፦

1. መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ፣ በተለመደው ጭነቱ ይቁም። አክስሉ ተንጠልጥሎ የተለካ ልኬት እንዳልተለካ ቁጠሩት፤ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ከሌላው ደረጃ ሁሉ ይበልጣል። ከሥር ለመግባት ቁመቱ ካልበቃችሁ የጋራዥ ጉድጓድ ተጠቀሙ፣ ወይም አራቱንም ጎማ በእኩል ቁመት ጠንካራ ጣውላ ላይ አውጡ።

2. መሬቱ ፍጹም ውኃ ልክ ባይሆን አትጨነቁ። የምትፈልጉት ልዩነቱን ነው። ግን ሁሉንም ከመኪናው አንድ ጎን ለኩ።

3. የመጀመሪያ ልኬት፦ የካምቢዮው መውጫ። ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ከሆነ የፊተኛው ቁራጭም ለብቻው ይለካ።

4. ሁለተኛ ልኬት፦ የኋላው ዘንግ ቱቦ፣ ንጹሕ ቦታ ላይ።

5. ሦስተኛ ልኬት፦ የፒኞኑ ፍላንጅ። ፍላንጁ ቀጥ ብሎ የቆመ ገጽ ስለሆነ መለኪያው 90 ዲግሪ አካባቢ ያሳያል፤ ከ90 ያለውን ልዩነት ጻፉ።

6. እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ውሰዱ። የስልክ መለኪያ ግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት አይግረማችሁ።

ምሳሌ፣ ዘንጉ አንድ ቁራጭ ለሆነ። ካምቢዮው ወደ ኋላ 4 ዲግሪ ያዘቀዝቃል፣ ዘንጉ 8 ዲግሪ፣ ፒኞኑ 7.5 ዲግሪ። የፊቱ ክሮቼራ 8 ሲቀነስ 4፣ ማለትም 4 ዲግሪ ይሠራል። የኋላው ግማሽ ዲግሪ ብቻ። ልዩነቱ 3.5 ነው፤ ይህ መኪና መንዘፍዘፉ የግድ ነው። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ በታች ሊሆን ይገባል። ባለባሌስትራ አክስል ነዳጅ ሲሰጥ አፍንጫውን ወደ ላይ ስለሚያነሣ ቆሞ ሲለካ ፒኞኑ በጥቂቱ፣ እስከ አንድ ዲግሪ፣ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ይመረጣል። የእያንዳንዱ ክሮቼራ አንግል እስከ 3 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዜሮ ግን አይሁን፣ በኩባያዎቹ ውስጥ ያሉት መርፌዎች (ቀጫጭን ተንከባላይ ብረቶች) ካልተንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ይቆፍራሉ።

ለሁለት ቁራጭ ዘንግ፣ ፒኞኑን የምታስተያዩት ከፊተኛው ቁራጭ ጋር ነው እንጂ ከካምቢዮው ጋር አይደለም። በካምቢዮውና በፊተኛው ቁራጭ መካከል ከግማሽ እስከ 1.5 ዲግሪ ብቻ ይኑር።

ቁጥሮቹ ትርጉም ካልሰጡ፣ ለምሳሌ ፒኞኑ ከዘንጉ በላይ ካዘቀዘቀ፣ መለኪያውን በተቃራኒ አቅጣጫ ይዛችሁት ሊሆን ይችላል። ቀስት ሥሉበትና ቀስቱ ሁልጊዜ ወደ መኪናው ፊት ይመልከት።

ደረጃ 5፦ አርሙ

የፒኞኑ አንግል ከተዛባ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ሽብልቅ ይገባል። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ የሽብልቁ ወፍራም ጫፍ ወደ ፊት ሲሆን የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ይወርዳል፣ ወደ ኋላ ሲሆን ይነሣል። ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከሆነ ተቃራኒው ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 4 ዲግሪ ሽብልቅ፣ ወፍራሙ ወደ ፊት፣ ፒኞኑን ወደ 3.5 ያወርደዋል። ሲገባ ዘንጉም በጥቂቱ ስለሚለወጥ እንደገና ለኩ።

ሽብልቁን ቶርኖ ቤት አሠሩ፤ የመሃል ብሎኑ በውስጡ እንዲያልፍ ይበሳ። ባሌስትራ ላይ ግን እንዳይበየድ። ብየዳ የባሌስትራውን ብረት ያበላሸዋል፤ መንገድ ላይ ይሰበራል። ሲጠብቁ የተለጠጡትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች ከፈታችሁ በኋላ መልሳችሁ አትጠቀሙ።

የፊተኛው ቁራጭ አንግል ከበዛ የመሃል ኩሽኔታው ማንጠልጠያ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እንዲወርድ በማንጠልጠያውና በሻንሲው መካከል ጠንካራ ብረት አስገቡ፤ ሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። ብዙ መኪና በዚህ ብቻ ይድናል።

ከባሌስትራው ሥር ብረት በብረት ላይ ተደራርቦ ከሆነ አውጡት። ለሥራ የሚውል ፒክአፕ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ መነሣት ያስፈልገዋል ብዬ አላምንም፤ ከዚያ በላይ ለዓይን ነው፣ ዋጋውንም ካርዳኑ ይከፍለዋል።

ክሮቼራ የሚቀየረው አሁን፣ አንግሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ኩባያዎቹን በሞርሳ እያጠበቃችሁ አስገቡ፤ መዶሻ አንዲቷን መርፌ ካጋደመ ኩባያው አይገባም። እምቢ ካለ አትግፉት፤ አውጡትና መርፌዎቹን ቁጠሩ። ከተገጠመ በኋላ ከአራቱም ጫፍ እስኪወጣ ግሪስ ስጡ።

ደረጃ 6፦ ካርዳኑ ንጹሕ ከሆነ

ረዳታችሁ የእግር ፍሬን ይዞ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ ይልቀቅ፤ እናንተ ከጎን ሆናችሁ፣ በፍጹም ከፊት ሳትቆሙ፣ ሞተሩን ተመልከቱ። ከሁለት ጣት ወርድ በላይ ከተነሣ ማረፊያ ጎማው ተቀድዷል። ጎማው ደህና ሆኖ መነሻው ላይ ብቻ የሚንዘፈዘፍ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ዘይት ነክቶት ወይም ተቃጥሎ ይሆናል። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦው እስኪነሣ ሞተሩ ደካማ ነው። ትልቅ ጎማ ሲጨመርበት ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ይቆያል፣ እሱም ይቃጠላል።

ዳገት ላይ ብቻ፣ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚንዘፈዘፍ ከሆነ የናፍጣ ማጣሪያውን ቀይሩ፣ ውኃውንም አፍስሱ። ካልተሻለው በኮምፒውተር ይታይ። ሞተሩ እየሠራ የመርጫ ቱቦ በመፍታት ሲሊንደር የመለየት የድሮ ልማድ በኮምፒውተር በሚታዘዙ (ኮመን ሬል) ሞተሮች ላይ ክልክል ነው፤ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሆነ ናፍጣው ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል።

ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነና ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ በቀላል ነዳጅ የሚንዘፈዘፍ ከሆነ ነዳጁን ሳትለቁ ፍሬኑን በጥቂቱ ንኩ። ወዲያው ካቆመ ጉዳዩ በካምቢዮው ዘይትና በቶርክ ኮንቨርተሩ በኩል ነው።

ንዝረቱ አራት ጎማ ሲገባ ብቻ ከመጣ የፊት አጫጭር ዘንጎች መገጣጠሚያ አንግል በዝቷል። ይህንን አፈር መንገድ ላይ ፈትሹ፤ ደረቅ አስፋልት ላይ አራት ጎማ አስገብቶ መዞር በራሱ ያንቀጠቅጣል። ጥርጣሬ ካላችሁ የፊቱን ካርዳን ፈትታችሁ በሁለት ጎማ ንዱ።

ደረጃ 7፦ ዳግም ሙከራና የቀረ ንዝረት

ከሀ እስከ ሠ ያሉትን ሙከራዎች በዚያው መንገድ ላይ ድገሙ፤ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር አስተያዩ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የባሌስትራውን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ።

መነሻው ጸጥ ብሎ ከ70 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ቀጭን ንዝረት ከቀረ የካርዳኑ ባላንስ ነው። የባላንስ ማሽን ካላገኛችሁ ሁለት የብሎን ፋሼታ በዘንጉ የኋላ ጫፍ አጠገብ እሰሩ፤ የሁለቱም ጭንቅላት አንድ አቅጣጫ ይሁን። ንዱ፣ ጻፉ፣ ሩብ ዙር አዙሩ፣ እንደገና ንዱ። አራቱንም አቅጣጫ ሞክራችሁ ንዝረቱ ያነሰበትን ቦታ ያዙ፤ አሁንም ከቀረ ሁለቱን ጭንቅላቶች በጥቂቱ አለያዩዋቸው። በአራቱም አቅጣጫ ለውጥ ከሌለ ዘንጉ ተጣሞ ሊሆን ይችላል፤ ፋሼታውን ፈትታችሁ ዘንጉን ቶርኖ ቤት ውሰዱ። ለውጥ ካገኛችሁ ፋሼታዎቹን በደንብ አጥብቁና ወደ ሩቅ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ዘንጉን በእጅ እያዞራችሁ ከወለሉም፣ ከፍሬን ቱቦውም፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያውም ጋር አለመነካካታቸውን አረጋግጡ።